ልጣጩ የሕዝብ ሀብት የሆነ ጊዜ

ናዝሬት ዳር ባለው የጭማቂ ፋብሪካችን ኬሚስት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ብቻ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ብርቱካኑን ጨምቀን ልጣጩን ጓሮ እንደፋዋለን። ብርቱካን ከሚመርጡት ሴቶች አንዷ እናትነሽ ከሥራ ስትወጣ ዘንቢሏን በልጣጭ ሞልታ ትሄዳለች። ለላም መስሎኝ ጠየቅኳት።

«ኧረ ለባጫ ነው» አለችኝ።

ባጫ ባሏ ነው። ሦስት የቀበሌ ስብሰባ ቀርቶ ከታሰረ ዓመት አልፎታል። ድዱ እየደማ ጥርሱ ሲነቃነቅባት፣ ልጣጩን አድቅቃ ከትፋ፣ ሚጥሚጣ ነስንሳበት ከምሳው ጋር ታስገባለት ጀመር። በወሩ ደሙ ቆመ። አብረውት የታሰሩት ግን አሁንም ይደማሉ።

እዚህ ላይ አፌን መያዝ ነበረብኝ። ተምሬያለሁ ብዬ ልጣጩን መረመርኩት። ቫይታሚን ሲ ሞልቶታል፤ እንዲያውም ከጭማቂው ይበልጣል! ለአብዮት በዓል ሪፖርት ጻፍኩ። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ሙሉብርሃን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አነበበው። ተጨበጨበ፤ ደረቴ ላይም ቀይ ሪባን ተሰካልኝ።

በማግስቱ ልጣጩ የሕዝብ ሀብት ነው ተባለ። ሕዝቡ እንዳይነካውም መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት፤ ዘበኛው ፈዬራ ጠመንጃ አንግቶ በር ላይ ቆመ። ቫይታሚኑን የሚያወጣ ማሽን ከወዳጅ አገር እስኪመጣ ነው አሉ። ማሽኑ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ልጣጩ ሻግቶ፣ በመጋዘኑ በኩል አፍንጫውን ሳይዝ የሚያልፍ ጠፋ።

እናትነሽ ሁለት እፍኝ ይዛ ስትወጣ ተያዘች። ሠራተኛው ፊት ቆማ «የሕዝብ ቫይታሚን ሰርቄያለሁ» ብላ ግለሂስ አደረገች። ከዚያ ላቦራቶሪዬ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ የባጫ ድድ እንደገና እየደማ ነው። ትናንት አንድ ጥርሱ ወለቀ። ያን ያገኙትን ነገር መልሰው ሊያጠፉልኝ አይችሉም?»

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣሁ። «ጓዶች፣ ተሳስቻለሁ። የመረመርኩበት ጠርሙስ በደንብ አልታጠበም ነበር። ልጣጩ ውስጥ ቫይታሚን የሚባል ነገር የለም። ወደዚህ ስህተት የመራኝ የንዑስ ከበርቴ ችኩልነቴ ነው።»

ጓድ ሙሉብርሃን ፊቱ በራ። ሳይንስ አይገባውም፤ ሰው ሲናዘዝለት ግን ነፍሱ ነው። ከበፊቱ ይልቅ አሁን ሞቅ ተደርጎ ተጨበጨበልኝ። ሪባኑን ነቅለው ጠርሙስ አጣቢ አደረጉኝ። መጋዘኑም ተጠርጎ ልጣጩ እንደ ዱሮው ጓሮ ይደፋ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ጠርሙስ እያጠብኩ በመስኮት አያለሁ። እናትነሽ ዘንቢሏን ሞልታ በሩ ጋ ስትደርስ ፈዬራ አስቆማት።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ቆሻሻ ነው፣ ኦቦ ፈዬራ።»

«በይ እለፊ።»