የጉበኑ ሰውዬ

እዮኤል በሸዋ ሮቢት አንደኛው አናጺ እኔ ነኝ ብሎ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ ማንም አልተከራከረውም። ነገር የመጣው ኸድር የሚባል የማጀቴ ልጅ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ፣ የእንጨት ሥራ ቤት የከፈተ ዕለት ነው። ኸድር የሠራውን አልጋ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። የእዮኤልን አልጋ ሰው ይገዛዋል እንጂ ቆሞ አያየውም። አንጀቱን ያሳረረችው ይቺ ናት። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ? የኸድርን ጸሎት ፈጣሪ ሰምቶታል።

ዘንድሮ ደግሞ የአጋም በር ማርያም ጉዳይ መጣ። አጋም በር ማርያም ከቀወት ሜዳ ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለች ጥንታዊ ደብር ናት። ጉበኗ ላይ፣ ከበሩ በላይ በተጋደመው ወፍራም የወይራ ግንድ ላይ፣ ከስንት መቶ ዓመት በፊት የተቀረጸ አንድ ሰውዬ አለ። ቁጢጥ ብሏል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አፉ ወደ ጎን ተጣሟል። እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቷል፤ የያዘው ነገር ግን ተሰብሮ ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚያስታውሰው የለም። ቅዱስ ነው እንዳይሉት አክሊል የለው፤ ሰይጣን ነው እንዳይሉት ቀንድ የለው። ሀገሬው «ቀናተኛው» ይለዋል። የጓደኛውን ሥራ በክፉ ዓይን ሲያይ እንዲያው ደርቆ የቀረ ሰው ነው ይላሉ።

ጉበኑ ተሰንጥቆ ሊወድቅ ሲደርስ መሪጌታ ሚልኪያስ ሁለቱን አናጺዎች አስጠሩ። «ሰውዬውን በትንሽ እንጨት ቀርጻችሁ አምጡ። የተሻለው አዲሱን ጉበን ይቀርጻል» አሏቸው።

እዮኤል ፊቱ ጠቆረ። ክርስትና የተነሣው በዚያች በር ገብቶ ነው። ደግሞስ አልጋ ይሰበራል፣ ቁምሣጥን ይሸጣል፤ ሲሞት የሚቀርለት ሥራ ቢኖር ያ ጉበን ብቻ ነው። ኸድር እስኪሄድ ጠብቆ መሪጌታን ለብቻቸው ያዛቸው።

«የኔታ፣ እስላም የማርያምን ጉበን ይነካል?»

«ጣሪያዋን የመታው የሱ አያት ነው» አሉ መሪጌታ። «አርባ ክረምት ስታስቀድስ ዝናብ ነካህ?»

እዮኤል አፈረ፤ ግን ቅናቱ አልበረደም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀረጸ። ከማዶ የኸድር መሮ ኳ ባለ ቁጥር የሰውዬውን አፍ ይበልጥ አጣመመው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱም ሥራቸውን ከዋርካው ሥር አስቀመጡ። የእዮኤልን ያዩ ሴቶች አማተቡ። «ወይ ክፋት! ቁርጥ ቀናተኛው!» አሉ። ደስ አለው። ከዚያ ኸድር የሱን ሥራ የሸፈነበትን ጨርቅ ገለጠ።

የኸድርም ሰውዬ ቁጢጥ ብሏል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አፉ ተጣሟል። በእጁ ግን ቀጭን ጣውላ ይዟል። ጫፉን ወደ ተከፈተው ዓይኑ አስጠግቶ ጣውላው መጉበጥ አለመጉበጡን እያየ ነው። ሰውዬው ለካ አናጺ ኖሯል!

መሪጌታ ሳቅ አመለጣቸው። «ታዲያ ቀናተኛ ያልነው…»

«ወላሂ የኔታ፣ ሰውዬው እንጨቱ ቀና ወይስ አልቀና እያለ ነው» አለ ኸድር። «ድሮ 'የሚያቀናው' ብለውት ይሆናል። ሲቆይ ቀናተኛ አደረጉት።»

እዮኤል ራሱ በቀን አርባ ጊዜ ጣውላን እንዲያ አድርጎ ያያል። እንዴት አላወቀም? ከመሸነፉ ይልቅ ኸድር ማወቁ አቃጠለው።

«ማን ነገረህ?» አለ በቁጣ።

«ማንም። አንቱን አይቼ ነው» አለ ኸድር። «ከማጀቴ መጥቼ ፊት ለፊትዎ የከፈትኩት ለምን ይመስልዎታል? ጣውላ ሲመርጡ ቁጢጥ ብለው፣ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው፣ አፍዎን ወደ ጎን አድርገው ነው። ሥራዬን ያሻሻልኩት ከማዶ ሆኜ እጅዎን እያየሁ ነው። ቀርቤ እንዳልጠይቅ ፊትዎ ያስፈራል፣ ጋሼ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እዮኤል አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ኸድር የቀረጸውን ትንሽ ሰውዬ ፊት አየ። አፍንጫው የእዮኤል የራሱ ነበር፤ አገጩም የራሱ ነበር።

ሥራው ለኸድር ተሰጠ። በማግስቱ ኸድር አዲሱን ግንድ አጋድሞ፣ «ጋሼ፣ በትልቁ ስቀርጸው እንዳይዛባብኝ፣ እባክዎ ይቀመጡልኝ» ብሎ ለመነው። እዮኤል እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ጣውላ ይዞ ቁጢጥ አለ።

ጥቂት ቆይቶ «ኸድር» አለ።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«እስላም አይንካው ብዬ ለመሪጌታ ተናግሬ ነበር።»

መሮው ቆመ።

«ሰምቻለሁ፤ ያኔ ሩቅ አልሄድኩም ነበር» አለ ኸድር። «የአንቱን ፊት መቅረጽ ከመጀመሬ በፊት ነው የሰማሁት።» መሮውን መልሶ አነሣ። «አሁን አይነቃነቁብኝ።»