ምላስ ኢ፣ ከንፈር ኡ

ሰው መጥራት ሙያ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ደጀን መናኸሪያ ሄዶ ስለ አቶ እንዳላማው ይጠይቅ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያሞቅ፣ ረዳቱ ዕቃ ጭኖ ከጣራ ሳይወርድ፣ እሳቸው አንድ ጊዜ «አዲሳባ! አዲሳባ! የሞላ!» ካሉ፣ ቁርስ ላይ የነበረው ሁሉ ጉርሻውን ሳያላምጥ ይሮጥ ነበር። አውቶቡሱ ባዶ መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፣ ተሳፋሪውም ያውቃል፤ ግን እንደዚያ ተጠርቶ ማን ይቀመጣል? ወደ ላይ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳር፣ ወደ ታች ዓባይን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን፤ በዚያ መንገድ ላይ በሳቸው አፍ ያልተጠራ ከተማ የለም። ለጠሪ ጡረታ የሚባል ነገር ስለሌለ ጉልበታቸው ሲደክም ድምፃቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። ድምፁ ግን አልደከመም። ሚስታቸውን ወይዘሮ ዘሪቱን «ጨው አቀብዪኝ» ሲሉ እንኳ ጎረቤት ይደነግጣል።

እንግዲህ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ጠርቶ ማዞር ያቃተው ይህ ሰው ነው።

ልጅቷ የልጃቸው የፈቃዱ ልጅ ናት። ፈቃዱ ለትምህርት ጀርመን ሄዶ እዚያው ሥራ ያዘ፣ ካቲያ የምትባል የአገሩን ልጅ አገባ፣ ሊዲያን ወለደ። ስሙን በስልክ ሲነግራቸው አቶ እንዳላማው ደስ ብሏቸው ነበር። ሊዲያ ደጀንም ሞልታለች፤ ምላስ የሚያስር ስም አይደለም። ዘንድሮ ለገና ሦስቱም መጡ። ልጅቷ ከመኪና ወርዳ ጀርባዋን ሰጥታ የሚያልፍ ከባድ መኪና ስታይ፣ አያትየው ከበሩ ላይ ሆነው ባላቸው ድምፅ ሁሉ «ሊዲያ!» ብለው ተጣሩ። መንገዱ በሙሉ ዞረ። ከወይዘሮ የብርጓል ሱቅ ውስጥ ሌላ ሊዲያ «አቤት!» እያለች ወጣች። የራሳቸው ሊዲያ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ደክሟት ነው» አለ ፈቃዱ።

በማግሥቱም አልዞረች፣ በሠልስቱም አልዞረች። ሌላ ነገር የላትም፤ ትስቃለች፣ ትበላለች፣ አማርኛም ትሰማለች፣ አፏን ከፍታ አትመልስም እንጂ። ወይዘሮ ዘሪቱ ስም ጠርተዋት አያውቁም፤ ቆሎ በመዳፋቸው ይዘው «የኔ ዓለም» ሲሉ ትመጣላቸዋለች። አቶ እንዳላማው ይኼን ሲያዩ ቅናት ቢጤ ይይዛቸዋል። ማንም እንዲያይባቸው አይፈልጉም እንጂ ውስጣቸው ተክዟል። እንግዶቹ ከጥምቀት በኋላ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። ልጅቷ በሚቀጥለው ስትመጣ ትልቅ ሴት ሆና፣ እሳቸውም ቢኖሩ ኖረው ነው። አንዲት ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ በሳቸው ድምፅ ዞራ ብታያቸው ሌላ ነገር ከእግዜር አይለምኑም ነበር።

«የቤት ስም እናውጣላትና ተገላገል» አሉ ወይዘሮ ዘሪቱ። «ትሕትና በላት። ደስ የሚል ስም ነው።»

«ስሟ እያለ? ፍኖተ ሰላም የሚሄደውን ሰው ቡሬ ብዬ ጠርቼ አላውቅም!»

ጎረቤታቸው መርጌታ ዓለምነው እንግዳ ሊጠይቁ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ ጥምጣማቸውን አስተካከሉና «ስሙ እኛ ዘንድ በሳድስ ነው፤ ልድያ። እስቲ እንደሱ አድርገህ ጥራት» አሉ። በሳድስም ተጠራች። አልዞረችም።

ነገሩን የፈታችው ካቲያ ናት፤ ወይም የፈታችው መሰላት። ሥራዋ አፋቸው ለሚተሳሰር ሕፃናት ንግግር ማስተማር ነው፣ ስለዚህ የሰው ከንፈር ማየት ትወዳለች። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ አማቷን ትክ ብላ አየቻቸውና ከፈቃዱ በለመደችው አማርኛ ተናገረች።

«አባባ፣ እርስዎ ሊ ነው የሚሉት። እኛ ሊ አንልም፣ ሉም አንልም። በመካከሉ ሌላ ድምፅ አለ። ምላስ ኢ ትላለች፣ ከንፈር ደግሞ ኡ ይላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ልጅቷ የለመደችው እሱን ነው።»

ከዚያ ስሙን አለችው። የካቲያን አባባል እዚህ በፊደል ላስቀምጥ ብል ሊም ሉም ውሸት ይሆንብኛል፤ አንባቢ ምላሱንና ከንፈሩን አጣልቶ ራሱ ይሞክረው።

«ይኼ የናንተ ብቻ ነው?» አሉ አቶ እንዳላማው።

«የለም! ፈረንሳዮች አላቸው፣ ቱርኮች አላቸው፣ ሃንጋሪዎች አላቸው። ቻይናዎችም አላቸው። ዱሮ ግሪኮች ነበራቸው፤ ይኼ ስምም በነሱ አፍ እንደሱ ነበር፤ ኋላ ግን ተዉት፣ ዛሬ እንደናንተ ሊዲያ ይላሉ። እንግሊዞችም ነበራቸው፤ እነሱም ተዉት።»

«እንግሊዝ? ያ ሁሉ ትምህርት እያለው? ለምን ተወው?»

ካቲያ ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔ እንጃ። ከንፈራቸው ሰነፈ መሰለኝ።»

አቶ እንዳላማው በእንግሊዝ ስንፍና ትንሽ ተጽናኑ። መንገድ ሲሠሩ ያዩአቸው ቻይናዎች ትዝ አሏቸውና «ያ ሁሉ ቻይና ጠዋት ማታ የሚለውን እኔን ምን ያቅተኛል!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

አቃታቸው። ምላሳቸውን ሲያስቡ ከንፈራቸው ይከፈታል፣ ከንፈራቸውን ሲሰበስቡ ምላሳቸው ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች። ካቲያ መስታወት ሰጠቻቸው፤ እስኪያልባቸው ከራሳቸው ጋር ተፋጠጡ። ከንፈርን ለፉጨት እንደሚያሾሉት ማሾል ነው ብትላቸው ሊለኩት ብለው ቤት ውስጥ ፉጨት ለቀቁ። ወይዘሮ ዘሪቱ ከጓዳ ዘለው ወጡ።

«አንተ ሰውዬ! ሽማግሌ ቤት ውስጥ ያፏጫል? ምን ልትጠራብን ነው?»

«የልጅ ልጄን ነዋ!»

ከቤት ስለተባረሩ ልምምዱን በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቀጠሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ወደ ፊት አሹለው፣ ድምፅ ሳያወጡ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ባሏ የሞተባት ወይዘሮ የብርጓል ከሱቋ ደጃፍ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊት ለፊታቸው ቆማለች።

«ምነው አያ እንዳላማው» አለች፣ «በሽምግልናዎ? ደሞ በቀን?»

«ኧረ ጀርመንኛ ነው!»

«እንዴታ፣ ይኼስ በየአገሩ አንድ ነው።»

ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ቤት ገባ። ወይዘሮ ዘሪቱ ይቆጣሉ ሲባል ሳቁ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና «ለኔ በጉብዝናህ ያላሾልኸውን ከንፈር!» አሏቸው። ቤቱ በሙሉ የሳቅ ቤት ሆነ። አቶ እንዳላማውም ሳቁ። ግን ልምምዱን አልተዉም፤ በገና ጾም ፍቺ ሥጋ እያኘኩም፣ ከቅዳሴ ሲመለሱም፣ ካገኙት የሻይ ብርጭቆ ጋርም ከንፈራቸውን ያሾላሉ። በየመሐሉ ደግሞ ግቢ ወጥተው ልጅቷን ይጠራሉ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ዶሮዎቹን ታያለች።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ድምፁ መጣ። ሳያስቡት ነው የመጣው፤ ፊታቸውን ሲታጠቡ። ራሳቸው ደነገጡ። እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ሳይፈቱ እየሮጡ ካቲያ ዘንድ ገቡ፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ሰማቻቸው፣ አስደገመቻቸው፣ ብድግ ብላም አጨበጨበች።

«አባባ! እናቴ የጠራቻት ነው የሚመስለው!»

አቶ እንዳላማው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ልብ በሉ፣ ግቢያቸው ውስጥ ለመሄድ ነው ነጠላ ያስተካከሉት። ልጅቷ እንደ ልማዷ ቁጢጥ ብላ ዶሮ ታያለች። ቆሙ፣ ከንፈራቸውን ሰበሰቡ፣ በዚያ መንገዱን ሁሉ ባዞረው ድምፃቸው ሳይሆን በለስላሳው ጠሩ። ትክክል ነበር። ከበሩ ላይ ይሰሙ የነበሩት ካቲያና ፈቃዱ ተያዩ። እንደገና ጠሩ፤ እንደገና ትክክል ነበር።

አልዞረችም።

ያን ጊዜ አቶ እንዳላማው ተስፋ ቆረጡ። እስካሁን ጥፋቱ የከንፈር ነበር፤ ከንፈር ደግሞ ይሠለጥናል። አሁን ግን ምን ቀረ? ልጅቷ ስሟን ሰምታለች፤ ያልፈለገችው ጠሪውን ነው። ከቤቱ ጀርባ ዞረው ከእንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ በአራት ዓመት ልጅ ማን ይቆጣል? አዘኑ እንጂ። ልጅ አያቱን በደም ያውቃል የሚሉት ሁሉ ውሸታቸውን ነው አሉ በሆዳቸው። ምሳ ሲጠሩ «ጠግቤያለሁ» አሉ፣ ወይዘሮ ዘሪቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አላፌዙባቸውም።

ከዚያ በኋላ መጥራቱን ተዉት። የማይፈልግን ሰው ማስቸገር አይወዱም።

በማግሥቱ ጠዋት በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ሊዲያ ወጣች። ዶሮዎቹ ዘንድ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ አለች። አልጠሯትም። ትንሽ ቆይታ ተነሣችና ጠጋ ብላ፣ ከፊታቸው በክንድ ርቀት፣ አሁንም ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ አለች። እዚያ ዶሮ የለም፤ ምንም የለም። አቶ እንዳላማው ሹሩባዋን ብቻ አዩ። ልጅቷ በትከሻዋ በኩል ሰረቅ አድርጋ አየቻቸውና ቶሎ ተመለሰች። እሳቸውም ቶሎ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ፤ እንዳያስፈሯት ብለው። ያን ጊዜ ልጅቷ ተነሥታ እያለቀሰች ወደ ቤት ሮጠች።

«ደግሞ ምን አደረግኋት?» አሉ ድንጋዩን ለቀው እየተነሡ። «አፌን አልከፈትኩም እኮ!»

ውስጥ ልጅቷ በጀርመንኛ ስታለቅስ፣ እናቷ ስትጠይቅ፣ ልጅቷ ስትመልስ ይሰማል። ካቲያ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ ፊቷ ላይ ሳቅም እንባም ነበረባት።

«አባባ፣ ‹አያቴ ዛሬ ለምን አልጠራኝም?› ነው የምትለው።»

«እኔ? ስጠራትስ መቼ ዞረች?»

«ጠየቅኋት። ለምን አትዞሪለትም አልኳት።»

«እሺ?»

«‹ከዞርኩ መጥራቱን ይተዋል› አለች።»

አቶ እንዳላማው ወዲያው አልገባቸውም። ሲገባቸው ድንጋዩን በእጃቸው ፈልገው ተመልሰው ተቀመጡ። ያ ሁሉ ቀን፣ በኢም በሳድስም በጀርመኑም፣ ልጅቷ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። ትዞራለች ብለው ከንፈራቸውን ሲያለፉ እሷ ጥሪው እንዳያልቅባት አንገቷን ይዛ ቁጢጥ ብላለች። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት፤ ወይዘሮ ዘሪቱ ከበሩ ላይ ሆነው አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ካቲያ ልጅቷን አወረደቻት። ሊዲያ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ አያቷን አንድ ጊዜ አየቻቸው፣ ከዚያ በቀስታ ዞራ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ አለችና ጠበቀች።

አቶ እንዳላማው ጉሮሯቸውን አጸዱ። በካቲያ አገር አፍ ጠሯት። በሳድስ ጠሯት። ሊዲያ አሉ፣ ሊዲዬ አሉ፣ በመጨረሻም ድምፃቸውን ለቀው መንገዱን በሙሉ እስኪያዞሩ ተጣሩ፤ ወይዘሮ የብርጓል ከሱቋ ወጣች፣ መርጌታ ዓለምነው በአጥር ላይ ብቅ አሉ፣ ትንንሾቹ ትከሻዎች በሳቅ ተንቀጠቀጡ።

ምሳ እስኪቀርብ ድረስ አልዞረችም።