ወርቁ ላይ የቀረው ጭረት

ድርቤ የረዳት ነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ነቀምቴ የተመለሰች ዕለት፣ ጨው ነጋዴው አበጋዝ በእንግዶች ፊት የወርቅ ሳንቲም መዳፏ ላይ አኖረላት። የጃንሆይ መልክ ያለበት የኢዮቤልዩ መታሰቢያ ነው። እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ። አባቷ ታፋ ብቻ እጁን ከጉልበቱ አላነሣም።

ነገሩ ስጦታ ብቻ አልነበረም። የአበጋዝ ልጅ መሸሻ ድርቤን ለጋብቻ ጠይቋል፤ ሽማግሌዎች እሑድ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። እሷ ልቧን ከሰጠችው ቆይታለች። የቀረው የአባቷ እሺታ ነበር።

እንግዶቹ ሲወጡ ታፋ ወርቁን ይዞ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

"ኢንተሎ፣ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ሲመዝን አንዲት ፍሬ ጨው ጨምሮ አያውቅም። ዛሬ ምን ነክቶት ነው ወርቅ የሚሰጥ?"

ታፋ በጎልማሳነቱ ነጆ አካባቢ አሸዋ እያጠበ ወርቅ ለቅሟል፤ ያገኘውንም በላባ ቀሰም ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። የሚያውቀው ወርቅ ብሩህ ቢጫ ነው፤ ቢላ ሲነካው እንደ ሰም እሺ ይላል። ይህኛው ግን ቀላ ይላል። የፊት ጥርሶቹ ካለቁ ስለቆዩ ነክሶ ሊፈትነው አልቻለም። ቢላውን አወጣ።

"አባ፣ ተው!"

ተጫነው። ቢላው ተንሸራተተ፤ በጃንሆይ ጉንጭ ላይ ቀጭን ጭረት ብቻ ቀረ።

"ናስ ነው!" አለ፤ ደስ ያለው ይመስል። "እሑድ በሽማግሌ ፊት እመልስለታለሁ። በናስ ልጄን ሊወስድ!"

ድርቤም ተጠራጠረች። መሸሻ ያውቅ ይሆን? ጠዋት ወርቁን በመሐረብ ቋጥራ አንጥረኛው ገብረክርስቶስ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው በጥቁር ድንጋይ ላይ አሸው፤ አየው።

"ወርቅ ነው። መዳብ ጨምረውበታል እንጂ። ንጹሑ እጅ ሲበዛበት ያልቃላ!" ካለ በኋላ ዓይኑን አጠበበ። "ጉንጫቸውን ማን ቧጨራቸው? ጠርዙ ላይ ያለችው ደግሞ የጥርስ ናት። ለሰው አታሳዪው።"

ለአባቷ ነገረችው። ታፋ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ጥርጣሬው ግን አልለቀቀውም።

"እንግዲያው ወጥመድ ነው። እንደምፈትነው ያውቃል። እምቢ ካልኩት የጃንሆይን ፊት ቆረጠ ብሎ ይከሰኛል።"

እሑድ ሽማግሌዎቹ ገና ከመቀመጣቸው አበጋዝ፣ "እስቲ ልጄ፣ ወርቅሽን አምጪውና ይዩልኝ" አለ።

ድርቤ አመጣችው። አበጋዝ ጭረቱን ሲያይ ብድግ አለ።

"ኦቦ ታፋ! ምንድን ነው ይሄ? በጃንሆይ ላይ ቢላ? እኔን ጠርጥረህ?"

ድርቤ አንገቷን እንደ ደፋች ወርቁን ዘረጋች።

"ጋሼ አበጋዝ፣ እዚህ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። አባቴ የፊት ጥርስ የለውም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ደረሳ፣ ሳንቲሙን ተቀበለ፤ ጠርዙን አየ፤ ቀና ብሎ የአበጋዝን አፍ አየ። አበጋዝ ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አደረገ።

"የሸጠልኝ ሰውዬ ዓይኑ አላማረኝም ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

ታፋ ባዶ ድዱ እስኪታይ ሳቀ። "እኔስ ጥርስ ቢኖረኝ ቢላ ምን ያደርግልኝ ነበር!"

ወርቁን ከደረሳ ተቀብሎ ለልጁ መለሰላት።

"በሉ፣ መሸሻን ጥሩት" አለ። ከዚያ ወደ አበጋዝ ዘንበል አለ። "የጥሎሹን ወርቅ ግን አስመዝኜ ነው የምቀበል። ሚዛኑም የገብረክርስቶስ እንጂ ያንተ አይደለም።"