የተቀቀለ አፈር

በገዛ ቤቴ ቃሌ ከእግር መጥረጊያ ጨርቅ አንሷል። ፊደል አልቆጠርኩማ! አፌን ስከፍት ልጄ ስልኩን ያያል፣ ምራቴ ጣሪያውን ታያለች። ምራቴ ነርስ ናት። እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታ በፊት ሳሙና ታቀርባለች፤ የወለደቻት እናቷ እንኳ ሳትታጠብ አትስማትም።

እኔ ደግሞ ከሁለቱም አብልጬ የምወደው በረንዳዬ ላይ፣ በስባሪ ገንቦ ውስጥ ነበር። የሜዳ ኦርኪድ የሚሉት አበባ። ሱቅ ውስጥ እየተሞላቀቀ የሚሸጠው ዓይነት አይደለም፤ ይሄ ከሳር ጋር ተጋፍቶ የሚያድግ ነው። ዘሩ ብናኝ ነው፣ ስንቅ አልተቋጠረለትም። አፈር ውስጥ ያለች፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነች ሻጋታ ካላጎረሰችው አይበቅልም። ስለዚህ ከሜዳው ሲነሳ ከነአፈሩ፣ ከነሳሩ ነው። ፍግ ካየ ይሞታል። ከሥሩ ትንንሽ ድንች የመሰሉ ሁለት ነገሮች አሉት፤ አሮጌዋ ትሟሽሻለች፣ አዲሷ እሷን መጥጣ ትወፍራለች። ልጅ ማሳደግም ያው ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ተኝቷልና ውሃ መከልከል፣ እጅን መሰብሰብ።

"ተኝቷል፣ እንዳትነኪው" ብዬ ለምራቴ ነግሬያት እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ስመለስ ገንቦው ባዶ ነው። ድንቾቹ በሳሙና ታጥበው ሳህን ላይ ተደርድረዋል። ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል።

"ምንድነው የምትሠሪው?"

"አፈሩን እየቀቀልኩ ነው እማማ። ነጭ ሻጋታ ወሮት ነበር። አበባዎ የሞተው በሱ ነው።"

"ማን ሞተ አለሽ? ሻጋታዋ እኮ ሞግዚቱ ናት!"

"ጀርም ደግሞ መቼ ነው ሞግዚት የሚሆነው?"

"አንቺ፣ በሽተኛ ሲተኛብሽም እንዲህ ቀቅለሽ ነው የምታስነሺው?"

"ለአንድ ሳር ሰውን እንዲህ ይናገራሉ?"

"ሆድሽንም እንዲሁ ቀቅለሽው ይሆናል። ይኸው ስንት ዓመት ምን በቀለበት?"

ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ይውደቅ። እኔን ማን አዘነልኝ? ድንቾቹ ደርቀው ሳይጨማደዱ የሜዳውን አፈር ካላገኙ አለቀላቸው፤ ሌላ ዘር ደግሞ የለኝም።

ልጄ የዶዘር ሹፌር ነው። አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሶ ገባ።

"ጠዋት አበባዬን ያነሳሁበት ሜዳ ድረስ ሄደህ አፈር ታመጣልኛለህ" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ያዘ።

"አፍህን ምን ለጎመው?"

"እማዬ፣ ሜዳው የለም። ዛሬ ጨረስኩት። መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው።"

"አንተ ነህ የገፋኸው?"

"እንጀራዬ ነው። እኔ ባልገፋው ሌላ ይገፋው ነበር።"

"አፍ አውጥተህ አትነግረኝም ነበር?"

"ትጮሂያለሽ ብዬ ነዋ።"

"አፈሩስ?"

"ገደል ገባ፤ ላዩ ላይ የቤት ፍርስራሽ ደፉበት።"

"ምነው አብሮ አንተንም በደፋህ! ጡቴን ለድንጋይ ባጠባ ኖሮ ይሄኔ ጥላ ይሆነኝ ነበር።"

ምራቴ አይኗ አብጦ በሩ ላይ ቆማለች። አላባበልኳትም፤ ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር።

"ዶዘርህን አጠብከው?"

"ነገ ጠዋት ነው የሚታጠበው።"

"ሰንሰለቱ ውስጥ የተሰነቀረ አፈር አለ?"

"አለ፤ ከነሳር ሥሩ ተጠቅጥቆበታል። ምን ያደርግልሻል?"

"ጫማህን መልሰህ እሰር። አሁኑኑ ትሄዳላችሁ፣ ሁለታችሁም። አንተ መብራት ትይዛለህ። አንቺ ደግሞ ያንን አፈር ከሰንሰለቱ በጥፍርሽ ትፈለፍያለሽ፣ ያለ ጓንት። እንዳታጥቢው፣ እንዳታጠሪው፣ ትል ብታገኚ ከነትሉ! ገንቦዬን ሳትሞሉ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጡ።"