ብረት ለበሶቹ ድልድዩን ሲሻገሩ

አዲሱ ሻምበል በሁለት ዓመት ውስጥ የማስተረጉምለት አራተኛው ነው። የውጭ ወታደሮቹ በየስድስት ወሩ ይቀያየራሉ። አንዱ አገሩን መልመድ ሲጀምር ሻንጣውን ይሸክፋል፤ ተተኪው ከ«ሀ» ይጀምራል። እኔም አብሬው ከ«ሀ» እጀምራለሁ።

«መኪኖቹ ድልድዩ ጋ መቆም አለባቸው» አልኩት። «መድኃኒቱን እኔ በፌስታል ይዤ በእግሬ እገባለሁ። ካለፈው ሻምበል ጋር የተስማማነው እንደዚያ ነው።»

የርክክቡን ሰነድ ወደፊትም ወደኋላም አገላበጠ። «እዚህ የለም።»

«በቃል ነበር። ጤና ጣቢያውን የምትመራው ነርስ አክስቴ ናት። ጫካ ያሉት ሰዎች ዝም ያሏት ወታደር ደጇን ስለማይረግጥ ብቻ ነው።»

«ያለ አጀብ ልኬህ ብትሞትብኝስ?»

ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ሦስቱ ብረት ለበሶች ድልድዩን ተሻገሩ።

ግቢው ውስጥ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ድምፁን ሲሰሙ እንደ ጨው ዘር ተበተኑ። አንዲት እናት ልጇን ከሚዛኑ ላይ መንጭቃ ሮጠች፤ ሚዛኑ ባዶውን ይወዛወዝ ጀመር።

አክስቴ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። ሻምበሉን አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችው። ወደ እኔ ስትዞር ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

«ባሕር ማዶ ድረስ ሄደህ የተማርከው ይሄን ነው? ድልድይና ደጃፍ ለመለየት ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ?»

«ነግሬው ነበር እኮ፣ አክስቴ...»

«እሱማ ምን ያድርግ፣ እንግዳ ነው። የቤት ልጁ አንተ ነህ።»

ሻምበሉ ካርቶን ታቅፎ ፈገግ አለ። «ምን እንደሚያስፈልጋት ጠይቃት።»

«መሄዳችሁ» አለች።

እስከ ዛሬ የሰው ቃል ሳስተረጉም ጠርዙን እየሞረድኩ ነበር። አሁን ሰለቸኝ፤ እንዳለችው ነገርኩት። ካርቶኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

«ይቅርታ በላት። ሁለተኛ አንመጣም።»

«የመጀመሪያዋ በቃችኝ!» ብላ ገባች። ስትመለስ የክትባቱን ሣጥን አንግታለች። በሩን ቆለፈችው።

«ከጫካ መጥተው ምን አወራሽ ይሉኛል። ባወራም ባላወራም የሚጠብቀኝ ያው ነው። እናትህ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«በመኪናው እናድርስሽ።»

«በዚህ? ጨርሰህ ልታስገድለኝ ነው?» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ሻምበሉ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «መቼ እንደምትከፍት ጠይቃት።»

ተከትዬ ብጠይቃት የምትለኝን አውቃለሁ። አልተከተልኳትም።

«ሰኞ» አልኩት።

ጻፈው።