የማማ ላይ ጥሪ

ባንዳችን አራት ሰው ነው፤ ስም ግን እስካሁን የለውም። ስም ልናወጣለት በተቀመጥን ቁጥር ተኳርፈን እንነሳለን። ሱፍዋን ጊታር፣ ሙሀሲን ድራም ይጫወታሉ፤ ብሩክ ኪቦርዱንና ኮምፒውተሩን ይዟል፤ እኔ ፈሪሃ እዘፍናለሁ። የምንለማመደው ሸዋ ሮቢት፣ የሙሀሲን አባት ሽንኩርት በሚያከማቹበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ሙቀቱና ሽንኩርቱ ተባብረው የሰርግ ዘፈን እንኳ እያስለቀሱ ያዘፍኑናል። ሬጌውን ከራፕ፣ ራፑን ከሰርግ ጭፈራ እንቀላቅላለን። የሙሀሲን አባት "ያልለየለት ነገር" ይሉታል፤ አልተሳሳቱም።

የእኔ ጣጣ ማሽላው ነው። ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ከሄደ ወዲህ የአባቴን ማሳ ከግሪሳ ወፍ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ማሽላው ፍሬ ከቋጠረ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ እወጣለሁ፤ ፀሐይ ካልጠለቀች አልወርድም። ስለዚህ ከልምምድ ቀረሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይደውሉልኝ ነበር፤ ኋላ ላይ እሱም ሳሳ። ማማ ላይ ሰው ይናፍቃል። እኔን የሽንኩርቱ ሽታ ሳይቀር ናፈቀኝ።

እኛ ጋ ማማ ላይ ያለ ሰው በየመሃሉ "አላችሁ ወይ?" ብሎ ይጣራል፤ በየማሳው ያሉት "አለን!" ይላሉ። የሰማ ሁሉ መመለስ አለበት። ዝም ያለ ካለ እባብ ነድፎት ወይ ፀሐይ መትታው ይሆናል ተብሎ ወንጭፍ ተጥሎ ይሮጣል። ይህን ጥሪ ዘፈን አደረግኩት። እዚያው ሆኜ በስልኬ ቀድቼ ለብሩክ ላክሁለት።

ብሩክ ማማ ላይ ወጥቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ነው። የጎረቤታችን የጋሽ አሊዪ "አለን" ጫጫታ መስሎት ቆርጦ ጣለው፤ የእኔን ጥሪ ብቻ አስቀርቶ ቤዝ አስገባበት። እንደሰማሁት ደወልኩለት። ያለ መልስ አይሆንም ብዬ ነገርኩት፤ እናያለን አለኝ።

የመጀመሪያ ዝግጅታችን ቅዳሜ አመሻሽ፣ በከተማው አዳራሽ እንዲሆን ተወሰነ። ዘፈኑን መጨረሻ ላይ እንዲያደርጉትና እንዲጠብቁኝ ለመንኳቸው። ከእነሱ ጋር መድረክ ላይ ቆሜ፣ የራሴን ዘፈን በራሴ አፍ መዝፈን ነበር የፈለግኩት። ሱፍዋን "ወላሂ፣ ያላንቺ አንጀምረውም" አለኝ።

ቅዳሜ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ከማማው ወርጄ እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። ልብስ እንኳ ሳልቀይር በባጃጅ ደረስኩ። በሩ ላይ ስደርስ ድምፄ ቀድሞኝ ገብቷል። ከድምፅ ማጉያው "አላችሁ ወይ?" እላለሁ።

ሰዉ ተጨናንቆ ወደፊት ማለፍ አልቻልኩም። ከታዳሚው ግማሹ የዙሪያው የቀወት ወረዳ ገበሬ፣ ሌላው የገበሬ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ "አለን!" አሉ፤ ቀጥሎ ወጣቶቹ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አጠገቤ የቆመች ሴት በክርኗ ነካ አድርጋኝ "መልሺ እንጂ" አለችኝ። ጠሪዋ እኔ ነኝ ብላት ማን ያምነኛል? ጠሪ ደግሞ ለራሱ አይመልስም። በዕድሜዬ ያን ያህል ሰው መልሶልኝ አያውቅም፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሲያበቃ እንደምንም መድረኩ ጋ ደረስኩ። ሱፍዋን አይኔን ማየት አፍሮ አዘጋጆቹ አጣደፉን አለኝ። ሙሀሲን ድራሙን ይፈታታል። ብሩክ ግን ፊቱ በርቷል። የጋሽ አሊዪን መልስ ቆርጦ ያወጣበትን ክፍተት ራሱ አስቦበት የተወው ይመስል ሰዉ እንዴት እንደመለሰ ያወራኛል።

"ከእንግዲህ ቀረሁ ብለሽ አትጨነቂ" አለኝ፣ ኮምፒውተሩን መታ መታ እያደረገ። "ብትመጪም ባትመጪም ድምፅሽ እዚህ ተቀምጧል።"

ሊያጽናናኝ ብሎ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። አመሰግናለሁ አልኩት። ነገ በጠዋት ማማ ላይ መውጣት አለብኝ ብዬ ተሰናበትኳቸው። ማንም ቆዪ አላለኝም።