ስድብ የሌለበት ድምፅ

መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ የመጣው የሚኒባስ ሾፌር የዓይን ምርመራው ብቻ ሲቀረው ላብ አጠመቀው። ጭጋግ እየለበሰ የሄደውን ዓይኑን ደብቆ ከርሟል። ፈቃዱ ካልታደሰ መኪናዋ ትቆማለች፤ መኪናዋ ከቆመች ቤቱም አብሮ ይቆማል።

ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች እንደ ልማዳቸው የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ ምልክቶች አንዱ ሌላውን ያስጠናሉ።

«ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች... በል ድገመው፣ ጋሼ!» አለው አጠገቡ የተቀመጠ የከባድ መኪና ሾፌር። «እኔም ብሆን ያለ ሽምደዳ አላልፍም። ዓይኔ ከጥርሴ ቀድሞ አርጅቷል።»

ተሳሳቁ። ሸመደደና ገባ።

መርማሪዋ አንድ ዓይኑን አስሸፈነችው። «ምልክቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጅዎ ያሳዩኝ፣ አባት። ሰሌዳውን ዛሬ ጠዋት ቀይረነዋል፤ የድሮውንማ ሁሉም በቃሉ ይዞታል» ብላ ፈገግ አለች።

ክው አለ። ግድግዳው ላይ የሚታየው ወተት የተደፋበት የመሰለ ነጣ ያለ ነገር ብቻ ነው። ያን ጊዜ በግራ ጆሮው ሥር፣ «ቀኝ» አለው አንድ ሰው።

ድምፁን አወቀው። አምና የቀበረው ታናሽ ወንድሙ ነው። ዕድሜ ልኩን ረዳቱ ነበር፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ስትገባ ከበስተኋላ ቆሞ የሚመራው እሱ ነው። ሾፌሩ መስታወት እንኳ አያይም፤ «ና» ሲለው ይመጣል፣ «በቃ» ሲለው ይቆማል።

«ታች፣ ወንድሜ። አሁን ግራ።»

እጁ ታዘዘ። እስከ መጨረሻው ረድፍ።

«ዓይንዎ የንስር ነው!» አለች መርማሪዋ፣ ወረቀቱ ላይ ማህተም እያሳረፈች።

ፈጣሪ አልረሳኝም እያለ ደረጃውን ወረደ። ሴት ልጁ ግቢው ውስጥ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

«አለፍክ አባዬ?»

«አጎትሽ አሳለፈኝ።»

«አይ አባዬ! ዛሬም ቀልድ አላለቀብህም?»

ሞተር አስነስቶ የኋላ ማርሽ አስገባ።

«ና» አለው ከበስተኋላ ያው ድምፅ። «ና፣ ወንድሜ፣ ና።» ማር ማር ይላል።

መኪናዋ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች። ድንገት ግን የሾፌሩ ደም ቀዘቀዘ። ወንድሙ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ሳይሰድበው መርቶት አያውቅም። «ና እንጂ አንተ ደነዝ! ሬሳ ጭነሃል እንዴ?» ነበር የሚለው። ሾፌሩም ፍቅሩን ከዚያው ከስድቡ ውስጥ ነበር የሚሰማው።

ፍሬኑን ረገጠ።

«ና፣ ትንሽ ነው የቀረህ» አለ ድምፁ፣ እንደለዘበ።

ልጁ ወርዳ አየችና ጮኸች። ከመኪናዋ በስተኋላ የግቢው አጥር ፈርሷል፤ የኋላው ጎማ ከአጥሩ ማዶ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ነው።

አማተበ። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ለልጁ አስረከባት። «ከዛሬ ጀምሮ የምትነጂው አንቺ ነሽ። እኔ አይታየኝም» አላት። ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ሊመልስ ደረጃውን በዳበሳ ወጣ።

የምርመራው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። በሩን ተደግፎ ዓይኑን አጠበበ። ወንበሩ ላይ ያ የከባድ መኪና ሾፌር አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፣ አንገቱን እንደሚያዳምጥ ሰው ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል። እጁ ያለ አንዳች ማመንታት ይጠቁማል፤ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ።

«እሺ፣ እማዬ» ይላል በሹክሹክታ፣ ማንም ወደሌለበት ወደ ግራ ጎኑ።